የእትዬ የሺ ማንቁርት

ወሬውን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ ከቁም ሣጥኔ ፊት እንደቆምኩ ነው። የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጠዋት አስቀምጬው እገባለሁ፣ ቀትር ላይ አወጣዋለሁ። ስከፍተው የአቃቂ እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል ነበር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ የሺ ሰፊዋ ትናንት በድንገት አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው።» እኔ ያየሁት ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሻማው በታች የጎረቤቶቼ «ነፍስ ይማር» በተርታ ተደርድሯል። ጣቴን ወደ ላይም ወደ ታችም እያንሸራተትኩ አንድ ነገር ፈለግኩ። ምን እንደምፈልግ የገባኝ ማታ ጸሎት ላይ ስቆም ነው።

እትዬ የሺን ለማታውቋት ማን እንደነበረች ልንገራችሁ። የምታውቋትም ብትሆኑ የማታውቁት ነገር አለ፤ እሱንም እናገራለሁ።

ልብስ ሰፊ ነበረች። አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጎን አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ልብስ ለክተው የሚያዩበት አንድ ረጅም መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ ወስዳ እሷ ጋ አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያው ቀን አንቱ ብዬ ስጀምር መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንቱ? ምነው ልጄ፣ ዛሬውኑ ልትቀብሪኝ ነው? እትዬ በይኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ።»

ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ዞር ዞር ብዬ ነበር። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው፤ ያውም ደረት ሞልቶ የሚወጣ። በበጋም በክረምትም አንገቷ ላይ ሻርፕ ትጠመጥም ነበር። ሰበቡን ያወቅኩት በሁለተኛው ሳምንት፣ ውሃ ስትጠጣ ሻርፑ ሲንሸራተት ነው። ከጉሮሮዋ መሃል ማንቁርቷ ወጥታለች፤ በወንዶች ላይ እንደምናያት ያለች፣ እንዲያውም ከብዙ ወንዶች የበለጠች፣ እንደ ታጠፈ ክርን ሹል። ስትውጥ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ማየቴን አየች። ሻርፑን መለሰች።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» ስትል ወያላው ሳይዞር «ፋዘር፣ የት ነው?» ይላታል። ዞሮ ሲያያት ይደነግጣል። እሷ ወረድ ብላ በሩን እየዘጋችለት፦ «ማዘር ነኝ። ፋዘርህን ግን ሰላም በልልኝ» ትለዋለች። ታክሲው ሙሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። ሱቅ ስንደርስ ግን ሻርፑን አጥብቃ ነው ለስፌት የምትቀመጠው።

በወጣትነቷ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ይህንንም እንደ ቀልድ ነው ያወራችልኝ። የልጁ አክስት ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥታ ተቀምጣለች። እትዬ የሺ ከጓዳ ሆና «እናቴ፣ ውሃው ይምጣ?» ስትል፣ አክስትየው አባትየው የገቡ መስሏት ነጠላዋን እያስተካከለች ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ተነሥታ ቆመችልኝ እኮ! ያን ያህል ክብር ከዚያ በኋላ ማንም አልሰጠኝም» ትላለች። ነገሩ በዚያው ቀረ። አላገባችም።

አንገት ታውቅ ነበር። ሴቶች ከሳሪስ አቦ፣ ከቱሉ ዲምቱም ሳይቀር ኮሌታ ሊያሠሩ ይመጡባት ነበር። እንቅርት ላለባት ሴት ሰፋ ብሎ የሚተኛ፣ ቃጠሎ ላለባት ቆም ብሎ እስከ አገጭ የሚደርስ፣ አንገቷ አጭር ለሆነች ወደ ደረት ወረድ ብሎ የሚከፈት። ሜትሩን ስታዞር እጇ አይቸኩልም። አንዲት ልጅ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጇ ስትሸፍን፦ «እጅሽን አውርጂ የኔ እናት፤ እኔ ልደብቅልሽ ነው እንጂ ላይብሽ አይደለም» ስትላት ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እድሩ ጥሩምባ ልምጣ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ቱሉ ናቸው፤ ቤተ ሰባቸው ፋብሪካ ሳይተከል ጀምሮ እዚያው መሬት ላይ ያረሰ፣ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በዘበኝነት የጨረሱ ሽማግሌ። ይነፋሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራሉ። አንድ ቀን ማለዳ እኛ ሱቁን ስንከፍት መጡና ከበሩ ፊት ነፉ። ከዚያ አስማቸው ተነሣባቸውና ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። በየበሩ ሰው ቆሞ «ማነው? ጋሽ ቱሉ፣ ማነው የሞተው?» ይላል። እሳቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እትዬ የሺ ሄዳ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ቀና አለችና ጠራች፦

«እድርተኛ! ወይዘሮ በላይነሽ ተሰማ አርፈዋል! ቀብር በዘጠኝ ሰዓት! ውጡ!»

ከወንዙ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ወጡ። አንድ ጎረቤታችን የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሽ ቱሉ፣ ዛሬስ ድምፅዎ ተከፈተ!» አለ። ከዚያ አያት። «እትዬ የሺ?!»

«አዎ። አፍህን ተጉመጥመጥና ቀብር ና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይዞሩ ጀመር። ጋሽ ቱሉ ይነፋሉ፣ እሷ ትጠራለች። አጠራሯ የራሷ ነበር። «የከበደ ሚስት»፣ «የአልማዝ እናት» ብላ አትጠራም። አስቀድማ ልቅሶ ቤት ገብታ የሟቿን ስም፣ የአባቷን ስም ጠይቃ ትወጣለች። ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር አጥር ተጋርታ የኖረችን ሴት ስም ከእሷ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማንበት ጊዜ አለ። ስትጠራ ሻርፑን ታላላለች፤ እንዲያ ካላደረገች ድምፁ አይወጣላትም። ያኔ ማንቁርቷን ሰው ሁሉ ያያል። በዚያች ሰዓት ግን የሚስቅባት አልነበረም።

እኔ ከዚያ ወደ ዐረብ አገር መጣሁ። መጀመሪያ የሰው ቤት ሠራሁ፤ በኋላ እግዚአብሔር ረድቶኝ አንድ የውበት ሕክምና ክሊኒክ ገባሁ። ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሴቶች የሚተኙበትን ክፍል አጸዳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ውሃ አቀብላለሁ። አብዛኞቹ ለአንገታቸው ነው የሚመጡት። ከአገጭ ሥር የተጠራቀመ ስብ በቀጭን ቱቦ የሚያስመጥጡ አሉ። የላላ ቆዳቸውን ወደ ኋላ የሚያስወጥሩ አሉ። ከቆዳው ሥር ያለውን ጡንቻ የሚያስጠብቁ፣ መርፌ ብቻ ተወግተው የሚሄዱም አሉ። ይህን በስልክ ሳጫውታት እትዬ የሺ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«ይሄማ ልብስ ማጥበብ ነው እኮ! የተረፈውን ጨርቅ የት ያደርጉታል?»

«ይቆርጡታል።»

«ስፌቱስ?»

«ከጆሮ ኋላ ይደብቁታል።»

«ጎበዞች! እኔም ብሆን እዚያው ነው የምደብቀው።»

አንድ ቀን አንዲት ረጅም ሴት አንገቷ ታሽጎ ወደ ክፍሌ መጣች። ነርሷን ምን ተደርጋ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ማንቁርቷ ወጥታ ስለምታስቸግራት ከአገጯ ሥር ትንሽ ቀድደው፣ ወጣ ያለውን ልም አጥንት ቀርፈው አሳነሱላት አለችኝ። ሦስት ቀን ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። የፈጣሪን ሥራ እንደ ማረም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ደግሞ ያቺን ሻርፕ አስባለሁ፤ የሱቁ ቆርቆሮ በበጋ እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ጸለይኩና ደወልኩላት።

ስነግራት ከወዲያ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

«ፀዲ» አለችኝ። «ደግመሽ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ደግሜ ነገርኳት።

«ስፌቱ አገጭ ሥር ነው?»

«አገጭ ሥር ነው። እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፤ አይታይም።»

«ሃምሳ ያለፋትንም ይሠራሉ?»

ይህንን ስትጠይቀኝ ድምፁ ያ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ጠያቂዋ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ከሳምንት በኋላ መልሳ ደወለችልኝ። ንስሐ አባቷን ጠይቃ ነበር። ይቆጧታል ብዬ ሰግቼ ምን እንዳሏት ጠየቅኳት።

«‹የበሰበሰ ጥርስሽን ስታስነቅይ መጥተሽ ጠይቀሽኝ ነበር?› አሉኝ። ‹አይ አባ፣ እሱ ያመኝ ነበር› አልኳቸው። ‹ይሄስ አያምሽም?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ፣ አለቀስኩባቸው።»

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አገሬ ገባሁ፤ ሐኪም ቤትም አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። ሻርፗን ፈታች፤ ማተቧን ግን አልፈታችም። እሱም አላስፈታትም፤ በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ማንቁርቷን ዳሰሰ። መሠራት እንደሚችል ነገራት። የሚፈራው አንድ ነገር እንደሆነ አስረዳ፦ የድምፅ አውታር የተያያዘው ከዚያው አጥንት ኋላ ነው፤ ተጠንቅቆ ነው የሚቀርፈው፤ ቢሆንም ድምፅ ለጊዜው ሊሻክር ይችላል፤ አልፎ አልፎ እንደ ዱሮው ላይመለስ ይችላል።

«ሥራዎ በድምፅ የሚሠራ ነው?» አላት።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለችው።

እኔ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም። ስንወጣ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት።

«ምኑን?»

«መጥራቱን ነዋ።»

«እሱ ሥራ ነው እንዴ?» አለች። ጥቂት ከሄድን በኋላ፦ «አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ ልሁን ፀዲ» አለችኝ።

ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተያዘ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እትዬ የሺ ለእድሩ ጸሐፊ ብቻ፣ ያውም ለደንቡ ብላ፣ «አንገቴን ስለምሠራ ለአንድ ወር ያህል አልጠራም፤ ሰው ፈልጉ» አለችው። በሰፈራችን ጤነኛ ሰው አንገቱን ለመልክ ብሎ ይቀደዳል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ጸሐፊው ደንግጦ ለሚስቱ ነገራት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ በጠያቂ ተሞላ። ዳቦ የያዘ፣ ብርቱካን የያዘ፣ ጠበል በጀሪካን ያመጣ።

«እንቅርት ነው አሉ» ይላል አንዱ በሹክሹክታ።

«ኧረ እንቅርት ብቻ በሆነ በማርያም! ከዚያ የባሰ ነው። አታይም ሻርፑን?»

«እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር።»

እትዬ የሺ ጓዳ ድረስ ስባ ወሰደችኝ። «ፀዲ፣ እንዴት ብዬ ነው ለቁንጅና ነው የምላቸው? ብርቱካኑን ልመልስላቸው?» ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን። ስንመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። ጫልቱ የምትባል የጎረቤት ልጅ፣ ጉልት የምትቸረችር፣ እጇን ይዛ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ እናቴን የጠራሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ዘመድ የለኝም፣ ማን ይመጣልኛል ብዬ ተቀምጬ ነበር። ስሟን ስትጠሪ ሰው መንገዱን ሞላው። ተነሺልን፣ እባክሽ።»

ሌላዋ ስለ ባሏ፣ ሌላው ስለ ወንድሙ ተናገረ። የምትሞት መስሏቸው፣ በሕይወት ላለ ሰው የማይባለውን ሁሉ ነገሯት። እሷ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። እኔ አፍ አውጥቼ «አልታመመችም» ማለት እችል ነበር። ምስጢሯ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ጋሽ ቱሉ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቀው ነው የተናገሩት። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «ልጄ፣ ሐኪም ያለው ይሁን። አንገት ከተቀደደ ድምፅ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ፤ እኔ የምጠይቅሽ ለራሴ ነው። ስንቱን ሳስነሣ ኖሬ፣ እኔን ማን ይጠራኛል? ትንፋሼ ሩቅ አይሄድም፤ ታይኛለሽ። እኔን ጠርተሽ አድርሰሽኝ ከዚያ ብትታከሚ?»

ሻርፑን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ ጋሽ ቱሉ። እርስዎን ሳልጠራ አልነካውም።»

እሳቸው መርቀዋት ሄዱ። እሷ ተነሥታ ሱቋን ከፈተች፤ ቤቷና ሱቋ በአንድ በር ነው የሚገናኙት። ረጅሙ መስታወት ፊት ቆማ ሻርፑን ፈታችና ማንቁርቷን በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት። አገጯን ቀና፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«እንዲህ ነበር የምሆነው» አለች።

አምሮባት ነበር። ልዋሽ አልችልም፣ አምሮባት ነበር። በዚያች ሰዓት «ሂጂ፤ ጋሽ ቱሉን ሌላ ሰው ይጠራቸዋል» ልላት ይገባኝ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ወይም «አትሂጂ፤ እኔም ድምፅሽን እወደዋለሁ» ልላት እችል ነበር። ሁለቱንም አላልኩም። ጠንቃቃ ነኝ፤ ሰው ሁሉ በጠንቃቃነቴ ያመሰግነኛል። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እትዬ» አልኳት። እሱ ማወቁማ መቼ ጠፋት። የጠየቀችው እኔን ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ስለ ቀጠሮው አልጠይቃትም፤ «ጋሽ ቱሉ እንዴት ናቸው?» እላታለሁ። ይገባታል። «ኧረ ምን ሆነው! ገብስ ይበላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔን ነው የሚቀብሩኝ» ትለኛለች። አንድም ቀን ሞታቸውን አልተመኘችም። በአስም ሲያማቸው ሐኪም ቤት ይዛቸው የምትሮጠው እሷ ነበረች። ባለፈው ክረምት ታመው ሲድኑ ደውላ፦ «ተነሡልን! ተመስገን! እኔ ደግሞ በዚህ በኩል አንገቴን እያቀፍኩ ልኑር» አለችኝና ሳቀች። የመጨረሻ ሳቋ በጆሮዬ የቀረው ይኸው ነው።

ጋሽ ቱሉ ዛሬም አሉ። እሷ በደም ግፊት በአንድ ቀን ሄደች።

ለእኛ ብላ ተወችው ብዬ ልጽናና እፈልጋለሁ። ፈቅዳ ነው ወይስ ስለለመንናት ነው የሚለው ግን ይመላለስብኛል። በታመመች ሰው ፊት የሚፈሰውን ፍቅር ሁሉ አፍስሰን፣ ለራሷ የፈለገቻትን አንዲት ነገር አስተውናት ይሆን? አልታመመችም ነበር። ይህንን ነው የማታውቁት ያልኳችሁ። በዚያ እሁድ ብርቱካን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ልታምር ፈልጋ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረባትም። እኔ ማወቄን ደብቄ አብሬያችሁ ተቀምጬ ነበርና ከሁላችሁም በላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሩኝ፤ እሷም ትማረኝ።

አሁን በቀብሯ ቀን አቃቂ የነበራችሁትን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቴሌግራሙ ላይ ስፈልግ የነበረው ይህንን ነው፤ ሻማው ውስጥ አላገኘሁትም። ጋሽ ቱሉ ጥሩምባውን ነፍተዋል? ከነፉ በኋላስ ማን ጠራት? ከበር በር ዞሮ ስሟን ያሰማ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ጻፉልኝ፤ በጸሎቴ አስበዋለሁ። ማንም ካልጠራት ደግሞ አርባዋ ገና አላለፈም። ከእናንተ አንዱ፣ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም፣ ቢንቀጠቀጥም፣ ማለዳ ይውጣና ይጥራት። በስልክ አይሁን፤ በአፍ ይሁን። ድምፅሽን አትንኪብን ያልናት እኛው ነንና፣ እባካችሁ ያለ ድምፅ አንሸኛት።